«የጀርባ ሙዚቃን መጠን ማስተካከል»፦ በአንድ የሲኒማ ድምፅ ሐረግ ላይ የቀረበ ሒስ

በሲኒማ ድምፅ መሣሪያ አጠቃቀም ላይ በአማርኛ በሚሰጥ ገለጻ ውስጥ «የጀርባ ሙዚቃን መጠን ማስተካከል» የሚል ሐረግ ደጋግሞ ይሰማል። ሐረጉ አራት ቃላት ብቻ ያሉት ሲሆን የሰዋስው ስሕተት አይገኝበትም፤ ላይ ላዩን ላነበበው ሰውም ግልጽ ይመስላል። ይሁንና «ሙዚቃ» ከሚለው በቀር ሦስቱ ቃላት በየራሳቸው ከአንድ በላይ ነገር የሚያመለክቱ ስለ ሆነ፣ ትእዛዙን የሚቀበለው ባለሙያ የትኛውን መሣሪያ ወደ የት እንደሚያንቀሳቅስ ከሐረጉ ሊረዳ አይችልም። በዚህ ጽሑፍ ሐረጉን ፈታትተን ለመተቸትና በምትኩ ሊሠራባቸው የሚችሉ ቃላትን ለመጠቆም እንሞክራለን።

ምሳሌዎቻችንን በአብዛኛው የወሰድነው ከባሕር ዳርና ከጣና ዙሪያ ነው። በዚያ ከተማ፣ ሙሉዓለም የባህል ማዕከልን በመሰለ አዳራሽ፣ ቴአትሩም ሙዚቃውም በአንድ ጣሪያ ሥር ስለሚቀርብ ከድምፅ መሣሪያው ኋላ የሚቆመው ሰው ዛሬ የሰማውን ቃል ነገ ለሌላ ሥራ ይጠቀምበታል። በዚያው ከተማ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ትብብር የተቋቋመው ፖሊቴክኒክ የቴክኒክ ቃላት ካገሬው አማርኛ ጋር ከተገናኙባቸው ቀደምት ቦታዎች አንዱ ነው። ከሁሉ በላይ ግን በሐይቁ ዳርቻና በደሴቶቹ ላይ ያሉት አድባራትና ገዳማት ስለ ቃልና ስለ አጃቢው ድምፅ ግንኙነት ከማንኛውም የመሣሪያ መመሪያ የጠለቀ የቃላት ሀብት አላቸው። ወደዚያ እንመለስበታለን።

አስቀድመን ነገሩን ራሱን እንይ። በሲኒማ ቤት ውስጥ ሁለት ሙዚቃ አለ። አንደኛው ፊልሙ ውስጥ ያለው ነው። ይህ ሙዚቃ ከተዋንያኑ ንግግር፣ ከእግር ኮቴና ከዝናብ ድምፅ ጋር በስቱዲዮ ተዋሕዶ ያለቀ ነው፤ ቀድሞ በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ጠርዝ ላይ በቀጭን መስመር ታትሞ፣ ዛሬ ደግሞ በዲጂታል ፋይል ተቀድቶ ወደ አዳራሹ ይመጣል። ድምፁ በብዙ መስመር የተከፋፈለ በሚሆንበት ጊዜ ንግግሩ በአብዛኛው ከእስክሪኑ ኋላ መካከል ላይ ካለው እስፒከር፣ ሙዚቃው ደግሞ በብዛት ከግራና ከቀኙ ይወጣል። ፊልሙን የሚያሳየው ሰው በእጁ የያዘው መቈጣጠሪያ ግን ሁሉንም አንድ ላይ የሚያወጣና የሚያወርድ ነው። ሙዚቃው በዛ ብሎ ሲቀንስ የተዋናዩም ቃል አብሮ ይቀንሳል።

ሁለተኛው ሙዚቃ ፊልሙ ከመጀመሩ በፊት፣ ሰው ወንበሩን እየፈለገ ሳለ፣ እንዲሁም በዕረፍት ሰዓት የሚሰማው ነው። ይህ ከፊልሙ ጋር ምንም ዝምድና የለውም። ከሌላ ማጫወቻ ይመጣል፤ በሲኒማ ድምፅ ማቀናበሪያው ላይም የራሱ መግቢያ አለው። መብራቱ ሲጠፋ እርሱም ይጠፋል።

በአማርኛ ገለጻ ሁለቱም «የጀርባ ሙዚቃ» ይባላሉ። ውጤቱን በዓይናችን አይተናል። ስሙን መጥቀስ በማያስፈልገን አንድ አዳራሽ ውስጥ ፊልም ከመጀመሩ በፊት ሙዚቃው ስለ ጮኸ «የጀርባ ሙዚቃው ይቀነስ» የሚል ትእዛዝ ተላለፈ። ባለሙያው የሁሉ ድምፅ መቈጣጠሪያ የሆነውን ዝቅ አደረገ። ሙዚቃው ቀነሰ፤ ትእዛዙ ተፈጸመ። መብራቱ ጠፍቶ ፊልሙ ሲጀምር ግን መቈጣጠሪያው እዚያው እንደ ተተወ ስለ ነበር የመጀመሪያውን ትዕይንት ንግግር ከፊት ረድፍ ከተቀመጡት በቀር የሰማ አልነበረም። ጥፋቱ የባለሙያው ብቻ ነው ለማለት አንደፍርም። ትእዛዙ የተላለፈበት ቃል ሁለቱን ሙዚቃዎች ስላልለየለት እርሱም አልለያቸውም።

አሁን ወደ ቃላቱ እንግባ። «የጀርባ ሙዚቃ» ከእንግሊዝኛው ቃል በቃል የተገለበጠ ለመሆኑ ብዙ ማስረጃ አያሻም። በአማርኛ «ጀርባ» የሰውነት ክፍል ነው፤ ከዚያም አልፎ የተሰወረና የሚያጠራጥር ነገር መኖሩን ይጠቁማል። «ከጀርባው ሌላ ነገር አለ» ስንል ስለ ሙዚቃ አናስብም። በሲኒማ አዳራሽ ደግሞ ቃሉ ሌላ እክል ይጨምራል፤ በዛሬዎቹ አዳራሾች በተመልካቹ ግራና ቀኝ እንዲሁም ከጀርባው በኩል የሚሰቀሉ እስፒከሮች አሉ። «የጀርባውን ድምፅ ቀንስ» የተባለ ሰው እነዚያን ቢቀንስ ስሕተቱ የት ላይ ነው? ቃሉን እንደ አማርኛ አድርጎ ከመስማቱ በቀር ምንም አላጠፋም።

አንዳንድ ጸሐፍት «ዳራ» የሚለውን ይመርጣሉ። ለሥዕልና ለፎቶግራፍ ተስማሚ ቃል መሆኑን እንቀበላለን። ከሰውየው ኋላ የሚታየው ተራራ ዳራው ነው። ድምፅ ግን ከኋላ ሆኖ አይታይም፤ ከቃሉ ጋር በአንድ ጊዜ ወደ አንድ ጆሮ ይገባል። ስለዚህ ዓይን የለየውን የኋላና የፊት ልዩነት ለጆሮ ማልበስ አይረዳንም።

«ማጀቢያ» ከሁሉ ይሻላል። በአንድ ጉባኤ ተወስኖ የመጣ ሳይሆን በጋዜጠኞችና በፊልም ሠሪዎች ዘንድ ራሱ ሥር የሰደደ ቃል ነው። «አጀበ» ከሚለው ግስ የወጣ በመሆኑም ሙዚቃው ከንግግሩ ጋር ያለውን ግንኙነት በራሱ ይናገራል። አጀብ ያለ ባለቤት የለም፤ አጃቢው በዝቶ ታጃቢው ካልታየም ሥርዓቱ ፈረሰ ይባላል። እንግዲህ ቃሉ ሙዚቃውን ብቻ ሳይሆን ሙዚቃው ሊጠብቀው የሚገባውን ወሰን ጭምር ይዟል። ስለዚህም «ማጀቢያ» ፊልሙ ውስጥ ላለው ሙዚቃ ብቻ ይጠበቅ እንላለን። ከፊልሙ በፊት በአዳራሹ የሚለቀቀው ሙዚቃ የሚያጅበው ነገር ስለሌለ «ማጀቢያ» ሊባል አይገባውም።

አጃቢ ድምፅ ከቃሉ ጋር ሊኖረው የሚገባውን ወሰን በተመለከተ አማርኛ ተናጋሪው ኅብረተሰብ ከሲኒማ ብዙ ዘመን ቀድሞ አስቦበታል። በጣና ዳርቻ አድባራት በማኅሌት የቆመ ሰው አንዱ መዝሙር በተለያየ ደረጃ ሲደጋገም ይሰማል። በመጀመሪያ ቁም ዜማ ነው፤ ከበሮም ጽናጽልም የለም፤ ቃሉ ብቻውን ይሰማል። ቀጥሎ ዝማሜ ይመጣል፤ መቋሚያው ከሰውነት ጋር ይወዛወዛል፤ ከበሮው ግን ገና አልተመታም። በመረግድ ከበሮው ረጋ ብሎ ይገባል፤ በጽፋት ይፈጥናል፤ ጭብጨባውም ይታከላል። ከጣና ምሥራቅ ከፎገራ የወጡት አለቃ ገብረ ሐና የሐይቁን ማዕበልና የሸምበቆውን መወዛወዝ አይተው የዝማሜ ስልት እንዳወጡና ስልቱም በልጃቸው በተክሌ ስም «ተክሌ አቋቋም» ተብሎ በደብረ ታቦር እንደ ተስፋፋ ይነገራል።

አንባቢ እንዲያስተውልልን የምንፈልገው ስሞቹ የሚለዩትን ነገር ነው። ቁም ዜማ፣ ዝማሜ፣ መረግድ፣ ጽፋት የሚሉት ስሞች የከበሮውን ጩኸት ለብቻው አይለኩም። ቃሉና አጃቢው በየደረጃው እንዴት እንደሚገናኙ ይናገራሉ። ሌላም ነገር አለ፤ ቃሉ አስቀድሞ ያለ አጃቢ ስለተሰማ በጽፋት ጊዜ ከበሮው ቢበረታም አድማጩ ቃሉን ያውቀዋል። የፊልም ተመልካች ይህ ዕድል የለውም። ንግግሩን የሚሰማው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በማጀቢያው ከተዋጠበት አለፈው። ከዚህ ተነሥቶ «መረግድ»ን ወይም «ጽፋት»ን ለመሣሪያ መቈጣጠሪያ ስም እናድርግ የሚል ሐሳብ ሊነሣ ይችላል፤ እኛ አንደግፈውም። እነዚህ ቃላት ባለቤትና ሥርዓት ያላቸው ናቸው፤ ደግሞም በውስጣቸው የፍጥነትና የእንቅስቃሴ ትርጉም ስላለ ለመሣሪያው አይገጥሙም። የምንወስደው ቃላቱን ሳይሆን የስያሜውን መንገድ ነው።

ከዚሁ ከዜማው ቤት የምናገኘው ሌላ ማስጠንቀቂያም አለ። በተለምዶ ድምፅን «ከፍ አድርግ»፣ «ዝቅ አድርግ» እንላለን። በዜማ ተማሪ ዘንድ ግን ከፍታና ዝቅታ የዜማው መውጣትና መውረድ ነው፤ ከምልክቶቹ መካከል ድፋትና ቅናት የሚባሉት ይህንኑ ያመለክታሉ። አንድ ዘማሪ ዜማውን ዝቅ አድርጎ በኃይል ሊያሰማ፣ ከፍ አድርጎም በለሆሳስ ሊያዜም ይችላል። በድምፅ ሳይንስም ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ አንዱ የንዝረቱ ፍጥነት ሲሆን ሁለተኛው የንዝረቱ ብርታት ነው። ስለዚህ «የድምፅ ከፍታ» የሚለው ሐረግ በትምህርት መጽሐፍ ውስጥ ያለ ማብራሪያ ባይገባ ይመረጣል። ለብርታቱ አማርኛ «ጎላ» እና «ለዘብ» የሚሉ ንጹሕ ቃላት አሉት። «ጎላ አድርገው» የተባለ ሰው የክራሩን ቅኝት አይለውጥም። በዕለት ተዕለት ንግግር ሕዝቡ «ቮሊዩሙን ጨምረው» ቢል አንከለክለውም፤ የውሰት ቃሉ ቢያንስ አያሳስትም። «ይዘት» ብሎ ለመተርጐም መሞከር ግን አላስፈላጊ ድካም ነው፤ ያ ቃል በሒሳብ ለዕቃ፣ በመጽሐፍ ለቁም ነገሩ፣ በዜማም ለምልክት ተይዟል።

«ጎላ» ካልን ዘንድ «ማጉያ»ን ሳንነካ ማለፍ አንችልም። ከ«አጎላ» «ማጉያ» መውጣቱ ከ«ከፈለ» «መክፈያ»፣ ከ«ነቀለ» «መንቀያ» እንደ ወጣ ያለ የታወቀ የ«ለ» ወደ «የ» መለወጥ ነው። ስለዚህ «ድምፅ ማጉያ» ደካማውን የኤሌክትሪክ ምልክት ለሚያበረታው ሣጥን ትክክለኛ ስም ነው። በተግባር ግን ተናጋሪው በእጁ የሚይዘውም፣ ያ ሣጥኑም፣ ድምፁን ወደ ሕዝቡ የሚያወጣውም «ድምፅ ማጉያ» ይባላል። በእጅ የሚያዘው ምንም አያጎላም፤ የሰማውን ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣል እንጂ። ሕዝቡ ለራሱ መፍትሔ አበጅቷል። በእጅ የሚያዘውን «ማይክ»፣ ሕዝብ ፊት የሚቆመውን ደግሞ «ሞንታርቦ» ይለዋል። ሞንታርቦ የአንድ የኢጣሊያ የድምፅ መሣሪያ አምራች ስም ነው። የፋብሪካ ስም ወደ መዝገበ ቃላት መግባቱ የሚያስቆጣቸው እንዳሉ እናውቃለን፤ ነገር ግን ሦስቱን በአንድ ስም ከጠራው «ንጹሕ» አማርኛ ይልቅ የገበያው ቋንቋ እዚህ ላይ የበለጠ ትክክለኛ ሆኖ ተገኝቷል። የከሣቴ ብርሃን ተሰማ የ1951 ዓ.ም. እና የደስታ ተክለ ወልድ የ1962 ዓ.ም. መዝገበ ቃላት ሥርወ ቃልን ለመመርመር ዛሬም የሚፈለጉ ናቸው። ወደፊት የሚዘጋጅ መዝገበ ቃላት ደግሞ «ሞንታርቦ»ን ከነታሪኩ ቢመዘግብ ከእነርሱ ፈለግ የወጣ አይሆንም።

«መጠን» የሚለው ቃል በራሱ ነቀፋ የለበትም፤ አደጋው የሚመጣው ቁጥር ሲከተለው ነው። በብዙ አገር ሲኒማ ቤቶች የሚሠራበትን የዶልቢ ማቀናበሪያ ብንወስድ፣ መቈጣጠሪያው ከ0 እስከ 10 የተከፈለ ነው። ከእነዚህ ውስጥ 7 የተለየ ቦታ አለው፤ መሣሪያው በሚተከልበት ጊዜ የማመሳከሪያው ድምፅ ከእስክሪኑ ኋላ ባለ በአንዱ እስፒከር ሲለቀቅ በተመልካቹ ቦታ 85 ዴሲቤል እንዲሆን ተለክቶ ይቀመጣል። ፊልሙም ሲሠራ በዚሁ ልክ ተሰምቶ ነው። ከ7 ወደ 6 ሲወርድ ድምፁ በ3.3 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል። 4 ላይ ሲደርስ 10 ዴሲቤል ወርዷል፤ ይህም ለጆሮ ግማሽ ያህል ይመስላል። ከ4 በታች ግን መውረዱ እጅግ ይፈጥናል፤ 3.5 ላይ 20 ዴሲቤል ያህል ጠፍቷል። «መጠኑን በግማሽ ቀንስ» የተባለ ሰው 7ን ለሁለት ከፍሎ 3.5 ላይ ቢያቆም ተመልካቹ የሚሰማው ግማሹን ሳይሆን ሩቡን ገደማ ነው። መጠን የሚጨመርና የሚቀነስ ነገር ስለሆነ ይህን ዓይነት ሒሳብ ይጋብዛል።

ለዚህ ቦታ «ልክ» የተሻለ ነው ብለን እናምናለን። «በልኩ»፣ «ልኩን አለፈ»፣ «ልኩን አጣ» በምንልበት ጊዜ አስቀድሞ የተወሰነ፣ ሌላው የሚመዘንበት ነገር እንዳለ እናውቃለን። ስለዚህ 7 የድምፁ «ልክ» ነው፤ ሌሎቹ ቁጥሮች ከልክ በላይ ወይም ከልክ በታች ናቸው። «ደረጃ» የሚለውን የሚመርጡም አሉ። ደረጃ የማዕርግና የሕንፃ ነገር ስለሆነ፣ የላይኛው ሁልጊዜ ከታችኛው የሚሻል ያስመስላል። በድምፅ ግን 9 ከ7 አይሻልም።

የቀረው «ማስተካከል» ነው። ይህ ቃል የተጣመመውን ማቅናት፣ የተበላሸውን መጠገን፣ ሁለት ነገሮችን እኩል ማድረግ፣ በመጠኑ ማዋልም ይሆናል። በድምፅ ባለሙያዎች ዘንድ ደግሞ የቀጭኑንና የወፍራሙን ድምፅ ድርሻ ለሚለውጠው መሣሪያ «አስተካካይ» የሚል አቻ ይሰጣል። «ድምፁን አስተካክለው» የተባለ ወጣት ወደ የትኛው ይዙር? አንዱ መፍቻ ይዞ ቢመጣ አይፈረድበትም።

እዚህ ላይ ወደ ጓዳ እንድንመለከት ይፈቀድልን። «ምጥን ሽሮ» የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። ሽሮው ከቅመሙ ጋር ተደባልቆ ብቻ አይደለም፤ እያንዳንዱ በሚገባው ተመጥኖ ነው ስሙን ያገኘው። «ቅልቅል» ብንለው አንድ ላይ መሆኑን እንጂ ተገቢነቱን አይነግረንም። በስቱዲዮ ንግግሩን፣ ማጀቢያውንና ሌላውን ድምፅ የሚያዋሕደው ሰው የሚሠራው ይህንኑ ስለሆነ ሥራውን «ድምፅ መመጠን»፣ ባለሙያውን «ድምፅ መጣኝ»፣ የሥራውን ውጤት «ምጥን» ማለት ይቻላል። «ሚክስ» ከሚለው የውሰት ቃል ጋር ሲነጻጸር ጥቅሙ የአገር ቃል መሆኑ ብቻ አይደለም፤ ፍርዱንም ይዞ መምጣቱ ነው።

ይህ ልዩነት ለተርጓሚ ምን እንደሚጠቅም አንድ ፊልም ያሳየናል። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የዳኞችን ልዩ ሽልማት፣ በ2009 ደግሞ በዋጋዱጉ የፌስፓኮን ታላቅ ሽልማት አግኝቷል። ታሪኩ ከጣና ሐይቅ አካባቢ ካለ መንደር ጋር የተሳሰረ ሲሆን ሙዚቃውን የሠሩት ጆርጋ መስፍንና ቪጄይ አየር ናቸው። ይህ ፊልም በባሕር ዳር ቢታይ፣ የማጀቢያውና የንግግሩ ድርሻ በመጣኙ እጅ የተወሰነ ነው፤ የአዳራሹ ባለሙያ ሊለውጠው አይችልም፤ እንዲለውጠውም ሊታዘዝ አይገባውም። በእርሱ እጅ ያለው ልኩን መጠበቅ ነው። ተመልካቹ «ሙዚቃው ንግግሩን ዋጠው» ብሎ ቢያማርር ባለሙያው ቅሬታው ስለ ምጥኑ ነው ወይስ ስለ ልኩ የሚል ጥያቄ ሊያነሣ ይገባዋል። ሁለቱን የሚለይ ቃል ካልሰጠነው ጥያቄው ራሱ አይወለድም። ይህ ለቃላት ሥራችን ትንሽ ጉዳይ መስሎ ለሚታየው አንባቢ፣ ንግግሩ በጠፋበት አዳራሽ ውስጥ የጠፋው አማርኛው መሆኑን እናስታውሳለን።

ከፊልሙ በፊት ለሚለቀቀው ሙዚቃ ስም ገና አልሰጠንም። መሣሪያዎቹ ላይ «ኖን ሲንክ» ተብሎ ተጽፏል፤ ከሥዕሉ ጋር ያልተያያዘ ለማለት ነው። «ያልተመሳሰለ ሙዚቃ» ብሎ መተርጐም ሙዚቃው የተበላሸ ወይም ከከንፈር እንቅስቃሴ የተዛነፈ ያስመስለዋል። «መቆያ ሙዚቃ» የሚል ሐሳብ በመካከላችን ተነሥቶ ነበር፤ ምሳ እስኪደርስ የሚቀመስ መቆያ እንዳለ ሁሉ ፊልሙ እስኪጀምር የሚሰማ መቆያ ይሁን በማለት። ቃሉ ያምራል፤ በዕረፍት ሰዓትም ያገለግላል። ከእኛ መካከል ግን የሚበዙት «የአዳራሽ ሙዚቃ» የሚለውን መርጠዋል፤ ምክንያቱም ሙዚቃው የማን ኃላፊነት እንደሆነ ወዲያው ያመለክታል። ማጀቢያው የመጣኙ ነው፤ የአዳራሹ ሙዚቃ የአዳራሹ ሰው ነው። «መቆያ» በንግግር ቢለመድ የሚቃወም የለም። የመሣሪያ ክፍሎችን በተመለከተ ደግሞ «ፌደር»ን የመሰሉ ቃላት እንደ ሆኑ ይቈዩ እንላለን፤ ቁልፉ ላይ የተጻፈው ስም በእጅ ሲነካ በአፍ ከሚጠራው ጋር አንድ ቢሆን ይሻላል።

በዚህ መሠረት በትችታችን መጀመሪያ ያነሣነው ሐረግ በመመሪያ ውስጥ እንዲህ ተተክቶ ቢጻፍ እንመርጣለን፦ «የአዳራሹን ሙዚቃ በራሱ መግቢያ ላይ አለዝብ፤ ዋናውን ፌደር አትንካ። ፊልሙ ሲጀምር ፌደሩ በልኩ፣ በ7 ላይ መሆኑን ተመልከት። ማጀቢያው በዝቶ ንግግሩ ካልተሰማ በመጀመሪያ የመካከለኛውን እስፒከር መርምር።» የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር በቀድሞው ሐረግ ፈጽሞ ሊጻፍ አይችልም ነበር። ንግግሩ የሚወጣበት የመካከሉ እስፒከር ሲደክም ወይም ሲቋረጥ የግራና የቀኙ ሙዚቃ ብቻውን ስለሚቀር፣ «የጀርባ ሙዚቃውን ቀንስ» የሚል ትእዛዝ የተበላሸውን እስፒከር ሸፍኖ የቀረውን ድምፅ ያጠፋዋል።